ከብቶቹን የጠለፉ እጆች

በደቡብ አፍሪካ በምሥራቅ ኬፕ ክፍለ ሀገር፣ የኬይስካማ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ሐምበርግ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ሐኪምም ሠዓሊም የሆኑት ወይዘሮ ካሮል ሆፍሜየር እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በዚያች መንደር ያቋቋሙት የጥበብ ማኅበር፣ ከመቶ የሚበልጡ ሴቶችን አስተባብሮ፣ የአካባቢውን ታሪክ ከጥንት የሳን አዳኞች አንሥቶ ሕዝቡ ሁሉ ያለ ዘር ልዩነት እስከ መረጠበት እስከ 1994 ድረስ፣ 120 ሜትር በሚረዝም ጥልፍ ላይ አሰፈረው። ስለ ማኅበሩ ይህን ካልሁ ይበቃል፤ የኔ ልብ ያለው ከከብቶቹ ዘንድ ነው።

ለሥራው አርአያ የሆነው፣ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ድል መንሣታቸውን የሚተርከውና በፈረንሳይ አገር ባለችው በባዩ ከተማ ስም የሚታወቀው ጥንታዊ ጥልፍ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱንም የሸማኔ ሥራ አድርጎ ይቈጥራቸዋል፤ ሥዕሉ ግን ከድርና ከማግ አልተወለደም፣ ተሸምኖ ባለቀ ጨርቅ ላይ መርፌ የጨመረው ነው። በባዩ ጨርቅ ላይ ፈረሱ ከጦረኛው እኩል ይታያል፤ የሐምበርግ የኮሳ ሴቶች ግን የአባቶቻቸውን ነገር በፈረስ ቢናገሩት ባዕድ ይሆንባቸዋልና፣ ቡሬውንና ዳልቻውን፣ ቀንዳሙንና ጥጃውን በየምዕራፉ አሰለፉ።

አንድ ወዳጄ የጥልፉን ፎቶግራፍ ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «ከብት ሞላበት እንጂ ታሪኩ የታለ?» ቢለኝ ቅር አለኝ። ለኮሳ ሕዝብ ከብት ጥሎሹም፣ መሥዋዕቱም፣ ከነጮቹ ሰፋሪዎች ጋር ለዘመናት የተዋጋበትም ምክንያት ነበር። በ1856 የከብት የሳንባ በሽታ አገሩን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ኖንቃውሴ የምትባል ልጃገረድ፣ ከብቱ ሁሉ ቢታረድና እህሉ ቢጠፋ ትንሣኤ ሙታን እንደሚሆን፣ አዲስ መንጋም እንደሚወጣና ባዕዳኑ እንደሚባረሩ ተነበየች። ብዙው ሕዝብ አምኖ አረደ፤ የተባለው ቀን ቢደርስም ሙታን አልተነሡም፣ በዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ሰው በረኀብ አለቀ፣ ከተረፈውም ብዙው በቅኝ ገዥው እርሻ ላይ ለምንዳ ሊያድር ሄደ። እንግዲህ በጥልፉ ላይ ከዚህ ምዕራፍ በፊት ያሉትን መንጎች ለጌጥ የገቡ መስሎት በጥድፊያ ያለፈ ተመልካች፣ እዚህ ሲደርስ ምን እንደ ጠፋ በምን ይለካዋል?

ጥልፉ በኬፕ ታውን የአገሩ ምክር ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፤ በጥር 2022 እሳት የምክር ቤቱን አዳራሽ ሲያወድመው፣ ይህ የክር ሥራ ሳይነካ ተርፏል።