ሽማግሌውና ባቡሩ

የፖለቲካ ፊልም ሲባል ገና ከመጀመሪያው ማን እንደሚያሸንፍ የሚታወቅ ስለሚመስለን፥ ብዙዎቻችን ሳናየው እንሰለቸዋለን። የዩክሬኑ አሌክሳንድር ዶቭዤንኮ በ1928 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ለሕዝብ ያቀረበው «ዝቬኒጎራ» ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ፊልሙ ድምፅ የለውም። ታሪኩም ተረት ነው፤ በአንድ ተራራ ሥር የጥንት ሀብት ተቀብሯል ይባላል፥ አንድ ሽማግሌም ይህንኑ ሀብት ሲጠብቁና ሲፈልጉ ዘመን በዘመን ላይ ያልፍባቸዋል። ከጥንቶቹ የሰሜን ወራሪዎች ጀምሮ እስከ 1917ቱ አብዮት ድረስ ያው እርሳቸው ናቸው። «ለመሆኑ ዕድሜያቸው ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተመልካች ቢኖር፥ ተረት ሳይሰማ ያደገ ሰው መሆን አለበት።

ሁለቱ የልጅ ልጆቻቸው መንገዳቸው ለየቅል ነው። ቲሚሽ ከቦልሼቪኮች ጋር ይሰለፋል፥ ኋላም ትምህርት ይገባል። ፓቭሎ ግን ሀብቱን ሲመኝ ኖሮ ይሰደዳል። ፕራግ ከተማ ደርሶ «በመድረክ ላይ ራሴን እገድላለሁ» ብሎ ትኬት ይሸጣል፤ ከዚያም ገንዘቡን ይዞ ይጠፋል። ሞት ለማየት ከፍለው የመጡትን የእነዚያን ጨዋዎች ፊት ያየ ሰው፥ ዶቭዤንኮ ቀድሞ በካርኪቭ የጋዜጣ የካርቱን ሠዓሊ እንደ ነበረ አይጠፋውም።

ወደ ፍጻሜው ፓቭሎ አያቱን አግባብቶ ባቡር እንዲያፈነዱ ይልካቸዋል። ሽማግሌው ሳይሆንላቸው ይቀራል። አሁን ታስረው ይወሰዳሉ ብለን ስንጠብቅ፥ ተሳፋሪዎቹ ወደ ውስጥ አስገብተው ሻይ ያጠጧቸዋል። ፓቭሎ ራሱን ይገድላል።

ፊልሙ በአፉ ባቡሩን ያመሰግናል፤ ዓይኑ ግን ከሽማግሌው ላይ አይነሣም። እኛ የወደድነውም ይህንኑ ነው። ሰርጌይ አይዘንስታይን ሞስኮ ውስጥ አይቶት አድናቆቱን ጽፏል።

የመጀመሪያውን ድርሰት የጻፉት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ዶቭዤንኮ በኋላ ብዙውን ለውጦታል። አንደኛው ዩሪ ቲዩትዩኒክ፥ ቀድሞ ቦልሼቪኮችን የወጋ ጄኔራል፥ በ1930 በሶቪየት መንግሥት ተረሸነ። ሁለተኛው ባለቅኔው ማይክ ዮሃንሰን በ1937 ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰው። ዶቭዤንኮ ራሱ እስከ 1956 ኖሯል። በ1930 «ምድር» የተባለውን ፊልም ሲያወጣ የሽማግሌውን ተዋናይ ሚኮላ ናደምስኪን እንደገና ጠራው፤ እዚያም መጀመሪያው ላይ ሌላ ሽማግሌ ሆኖ፥ በፖም ፍሬ መካከል ጋደም ብሎ በሰላም ሲሞት ይታያል።