ምትክ የቁጥር ሰሌዳ የተገጠመለት አሮጌ ስልክ ለምን ቁጥር አልደውል ይላል?

ለአንድ አሮጌ የቤት ስልክ ምትክ የቁጥር ሰሌዳ ተገጥሟል። እጀታው ሲነሳ የመስመሩ ድምፅ ይሰማል፤ ጥሪም ይገባል። ቁልፎቹ ሲጫኑ ግን ጸጥታ ነው። ብዙ ደህና ሰሌዳ ተበላሽቷል ተብሎ የሚጣለው በዚህ ጊዜ ነው።

በአሜሪካ በአውሮፓውያኑ 1963 ለደንበኞች መቅረብ የጀመሩት የዌስተርን ኤሌክትሪክ ባለ ቁልፍ ስልኮች ድምፅ የሚፈጥሩት በትራንዚስተር ሲሆን፣ ኃይል የሚያገኙትም ከራሱ ከስልክ መስመሩ ነው። የመስመሩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተገለበጠ ትራንዚስተሩ አይሠራም። የካርቦን ማይክሮፎኑ ግን አቅጣጫ አይመርጥም፤ መነጋገር የሚቻለው ለዚህ ነው። በኋላ የተሠሩ ሰሌዳዎች ይህን የሚያስተካክሉ ዳዮዶች አሏቸው።

መፍትሔው ከመስመሩ የሚመጡትን ቀይና አረንጓዴ ሽቦዎች ቦታ ማለዋወጥ ነው። አስቀድሞ ግን ስልኩ ከመስመሩ ይነቀል፤ ጥሪ ሲመጣ በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ 90 ቮልት ገደማ ነውና።

ችግሩ በጥቂት ቁልፎች ላይ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ድምፆችን ያጣምራል፤ አንዱ የረድፉ፣ ሌላው የዓምዱ ነው። 1፣ 4 እና 7 ብቻ አልሠራ ካሉ፣ የሚጋሩት የ1209 ኸርዝ ድምፅ ጠፍቷል ማለት ነው። ያኔ የሚፈተሸው የዚያ ዓምድ ኮንታክት ነው፤ ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የቆየ ሰሌዳ አቧራ አያጣውም።