ለክፉ ቀን የሚመረጥ ቡድን

ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሩስተንበርግ፣ ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያና ናይጄሪያ የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ የምድብ ጨዋታቸውን ለማጠናቀቅ የቀራቸው ጥቂት ደቂቃ ነው። ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዳኛው ለናይጄሪያ ፍፁም ቅጣት ምት ሰጡ። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ሦስቱንም ቅያሪ ጨርሰዋል። ወንበር ላይ ማንም ቢቀመጥ ሜዳ መግባት አይችልም። አማካዩ አዲስ ህንፃ ጓንት አጠለቀና ግብ መስመሩ ላይ ቆመ። ቪክቶር ሞሰስ መታ፤ አገባ። ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ ዋልያዎቹ፣ ወደዚያ ውድድር የሄዱት እንደ ደንቡ ሦስት ግብ ጠባቂ ይዘው ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ ለተገኘ ዕድል ሦስተኛ በረኛ ማሳፈር ለብዙ ተመልካች ቦታ ማባከን ይመስላል። ይሁንና በሦስት ጨዋታ ሦስቱም ተሰለፉ። ኔልስፕሩት ላይ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ፤ ዘሪሁን ታደለ ተቀይሮ ገባ። ቡድኑ በአሥር ሰው ቀርቶ፣ ቀደም ብሎም ፍፁም ቅጣት ምት ስቶ፣ አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ግብ 1 ለ 1 ወጣ። በአራተኛው ቀን ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈች። ከናይጄሪያ ጋር ተራው የሲሳይ ሆነ። ከእሱም በኋላ አራተኛ በረኛ አስፈለገ፤ እሱም አማካይ ሆኖ ተገኘ።

የብሔራዊ ቡድን ምርጫን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ደጋፊ ስብስቡን የሚያየው በመልካሙ ቀን ዓይን ነው፤ ማን ያገባል፣ ማን ያቀብላል፣ ማን ያሳምራል ይላል። አሰልጣኝ ግን ስም ዝርዝሩን የሚጽፈው ለክፉው ቀን ጭምር ነው። አንዱ ሲጎዳ፣ ሌላው ካርድ ሲቆጠርበት፣ ሦስተኛው ሆዱን ሲታመም ማን ይገባል? የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ሰዎች ማንም እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ከሞላ ጎደል ይገምታቸዋል። የአሰልጣኝ ችሎታ የሚለካው ከአሥራ ሁለተኛው ስም ጀምሮ ነው።

ቁጥሩን የሚወስነው የውድድሩ ደንብ ነው። በዓለም ዋንጫ እስከ 1998 ድረስ 22 ተጫዋች ይመዘገብ ነበር (እዚህ ያለው ዓመተ ምሕረት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። በ2002 ወደ 23 ከፍ አለ፤ የተጨመረው ቦታ ለሦስተኛ በረኛ የሚበጅ ነው። ኳታር በ2022 ስታዘጋጅ 26 ደረሰ። የአፍሪካ ዋንጫም ለረጅም ጊዜ 23 ነበር፤ በወረርሽኙ ምክንያት ካሜሩን ላይ እስከ 28 ተፈቀደ። 23 ሲሆን ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ሜዳ ላይ ለሚቆሙት አሥር ቦታዎች ሁለት ሁለት ሰው፣ ሲደመር ሦስት በረኛ። ግን ይህ ስሌት ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያምረው። ሁለት ጥሩ የግራ መስመር ተከላካይ ያለው አገር ብዙ አይደለም። በአንጻሩ አማካይ የሞላበት አገር አለ፤ የእኛም አንዱ ነው። ኳስ ይዞ መጫወት የሚወድ ልጅ በየሰፈሩ ይበቅላልና ከአማካዮች መሀል መቀነስ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ ለግራ መስመር ደግሞ ሰው ይፈለጋል።

እዚህ ላይ ነው ሁለገብ ተጫዋች ዋጋው የሚታየው። አዳነ ግርማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ከኋላም፣ ከመሀልም፣ ከፊትም የተሰለፈ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ተጫዋች አንድ ማሊያ ለብሶ ሁለት ቦታ ይሸፍናል፤ ለአሰልጣኙም አንድ ትርፍ ስም ይሰጠዋል። በአንዱ ቦታ ብቻ ሲታይ ከእሱ የሚሻል ሊኖር ይችላል። ያ የሚሻለው ሰው አገር ቤት ሲቀር ደጋፊ ይቆጣል። ቁጣው ይገባኛል፤ ግን እኔ ብሆንም ሁለገቡን እይዛለሁ።

ዝርዝሩ የሚጀምረው ከሰፊ ስብስብ ነው። ለዓለም ዋንጫ አገሮች አስቀድመው እስከ 55 የሚደርስ ጊዜያዊ ዝርዝር ለፊፋ ያስገባሉ፤ የመጨረሻው ስብስብ ከዚያ ውስጥ ብቻ ነው የሚወጣው። በጊዜያዊው ያልገባ ሰው በኋላ የቱንም ያህል ቢያገባ አይታሰብም። በእኛ አገር አሰልጣኙና ረዳቶቹ ፕሪሚየር ሊጉን ይከታተላሉ። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ክለቦቹ ወደ ተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ የሚጫወቱበት በመሆኑ ሥራው በአንድ በኩል ቀሏል፤ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ የተቀመጠ አሰልጣኝ ብዙ የሊጉን ክለቦች በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንድ ሜዳ ያያቸዋል። ከዚያ ጥሪ ይደረጋል፤ የተጠሩት ካምፕ ይገባሉ። ሐኪሙና ወጌሻው ይመረምራሉ፤ ክለቡ ደህና ነው ያለው ጡንቻ ካምፕ ውስጥ ሌላ ነገር ሲናገር ይገኛል። ልምምዱ ይቀጥላል፤ ከተቻለ የወዳጅነት ጨዋታ ይደረጋል። በመጨረሻ የሚቀነሱት ይቀነሳሉ። ለአንድ ወጣት ተጫዋች ሻንጣውን ይዞ ከካምፕ የሚወጣበት ቀን ከባድ ነው፤ ጥሩ አሰልጣኝ ያን ልጅ ለብቻው ጠርቶ ምክንያቱን ይነግረዋል።

ዝርዝሩ ከገባ በኋላ በሩ ጠባብ ነው። በዓለም ዋንጫ ደንብ የተጎዳ ተጫዋች የሚተካው ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከማድረጉ 24 ሰዓት በፊት ድረስ ነው፤ ያውም ጉዳቱ ከባድ መሆኑ በሐኪም ሲረጋገጥ። በረኛ ብቻ በውድድሩ መሀልም ቢሆን ሊተካ ይችላል። ደንብ አውጪዎቹ ስለዚህ ቦታ ያላቸውን ፍርሃት ከዚህ በላይ የሚናገር አንቀጽ የለም።

ስለ በረኛ ካነሳን፣ ችግራችን ከምርጫው ቀን በፊት የሚጀምር ነው። ትልልቅ ክለቦቻችን ለዓመታት ግብ ጠባቂ ከውጭ ሲያመጡ ኖረዋል። ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ የቅዱስ ጊዮርጊስን ግብ ለረጅም ጊዜ ጠብቋል፤ ድንቅ በረኛም ነበር። ክለቡ የሚያስፈልገውን አደረገ። ግን በትልቅ ጨዋታ፣ በሞላ ስታዲየም፣ በጫና ውስጥ መቆም የሚለመደው እዚያው ግብ መስመር ላይ ነው። ያን ቦታ የውጭ ዜጋ ሲይዘው የአገር ልጅ ወንበር ላይ ያረጃል፤ የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝም የሚመርጠው ወንበር ላይ ከተቀመጡት መሀል ይሆናል። በዚህ ጉዳይ አሰልጣኝን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም።

ከሜዳው ውጭ ያለው ሥራ ብዙም አይወራለትም፤ አገር የሚያስለቅሰው ግን እሱ ነው። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ለብራዚሉ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። በሳምንቱ፣ ሰኔ 9፣ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን በተመሳሳይ ውጤት ረቱ። ከተማው በደስታ ጎረፈ፤ ምድቡን በአንደኝነት ያለፍን መሰለን። በዚያው ቀን ፊፋ ምርመራ መጀመሩን አሳወቀ። አማካዩ ምንያህል ተሾመ ቀደም ሲል በሁለት የማጣሪያ ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ አይቶ ስለነበር ከቦትስዋና ጋር መሰለፍ አልነበረበትም። ውጤቱ ተሰርዞ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ተሰጠ፤ ቅጣትም ተጨመረ። ተጫዋቹ ተጫወት ተብሎ ተጫወተ፤ መዝገቡን መያዝ የእሱ ሥራ አልነበረም። እንደ እድል ሆኖ ቡድኑ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፎ ምድቡን በራሱ እግር ጨረሰና ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ማጣሪያ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስብስብ ሲወጣ የካርድ መዝገቡን ማን ይዞታል የሚለው ጥያቄ ለእኔ ከአጥቂ ምርጫ አያንስም።

ሌላው የወረቀት ጉዳይ ዜግነት ነው። ፊፋ ለአንድ አገር ለመሰለፍ የዚያን አገር ዜግነት ይጠይቃል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ደግሞ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አገር ቤት ለመኖርና ለመሥራት ይረዳል፤ ፓስፖርት ግን አይደለም፤ ሜዳ አያስገባም። ስለዚህ ስቶክሆልም ወይም ሚኒሶታ ያደገ ልጅ ዋልያ ልሁን ሲል የሚጠየቀው ፍቅሩን ብቻ አይደለም፤ የሚኖርበትን አገር ፓስፖርት፣ ከእሱም ጋር የክለብ ሥራውን ነው። እንዲህም ሆኖ የመጡ አሉ። በ2005ቱ ስብስብ ፉአድ ኢብራሂም ከአሜሪካ፣ ዩሱፍ ሳላህ ከስዊድን መጥተው ነበር፤ በኋላም ዋሊድ አታ ከስዊድን መጣ። በርሊን ተወልዶ አሜሪካ ያደገው የቀድሞው የአርሰናል አማካይ ጌዲዮን ዘላለም ለአሜሪካ ወጣት ቡድን ተሰለፈ፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነው ቴዎዶር ገብረሥላሴ እንደ ፈረንጆቹ በ2012ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ለቼክ ተጫወተ፤ ቤተ እስራኤላዊው ኤሊ ዳሳ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ለመሆን በቃ። እነዚህን ልጆች ለምን እኛን አልመረጡም ብሎ መክሰስ ስህተት ነው፤ ተወልደው ወይም አድገው ባወቋት አገር ተሰለፉ። ጥያቄው ለሕግ አውጪው ነው።

በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ብቻ የሚሳተፉበት የቻን ውድድር ይህን ጣጣ ያስቀራል። በዚያ ምርጫ የሚያከራክረው የሊጉ አቅም ብቻ ነው፤ ኢትዮጵያም ሦስት ጊዜ ተሳትፋበታለች።

ስለ ጫና ሳይነሳ ይህ ርዕስ አይሞላም። ስብስብ በወጣ ቁጥር ደጋፊ ከጊዮርጊስ ስንት፣ ከቡና ስንት፣ ከየትኛው ክልል ስንት ብሎ ይቆጥራል። ቁጥሩ ሳይሆን ቦታው ነው መታየት ያለበት። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው ቡድን ይድነቃቸው ተሰማ ያሰለጠኑት፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ በአምበልነት የመራው፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ የተሰለፉበት ቡድን ነበር፤ ከአሥመራም ከአዲስ አበባም የመጡት ተጫዋቾች ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፉት በኮታ ተመዝነው አይደለም። ጫና ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ካሜሩን እንደ ፈረንጆቹ በ1990ው የዓለም ዋንጫ ሮጀር ሚላን በ38 ዓመቱ ወደ ጣሊያን የወሰደችው ፕሬዚዳንት ፖል ቢያ ጣልቃ ገብተው ነው፤ እሱም አራት ግብ አገባ። በተቃራኒው በ2002 መላው ብራዚል ሮማሪዮ ይካተት ብሎ ሲጮህ አሰልጣኙ ስኮላሪ እምቢ አሉ፤ ዋንጫውንም ይዘው ተመለሱ። ሁለቱም ታሪክ ውጤቱ ካማረ በኋላ ነው የሚጠቀሰው። ስህተት የሆኑትን ጣልቃ ገብነቶች ማንም አያስታውሳቸውም፤ ተጠያቂም የላቸውም። አሰልጣኝ ግን በስሙ ይጠየቃል። ስለዚህ የመጨረሻውን እስክሪብቶ እሱ ይያዝ።

የያዘም ሰው ቢሆን ሁሉን አይተነብይም። ካሜሩን ላይ በ2014 ዓ.ም. አሰልጣኝ ውበቱ አባተ ያዘጋጁት ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ከኬፕ ቨርዴ ጋር ጀምሮ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ በቀይ ወጣ። ሳምንታት የተለፋበት አሰላለፍ እዚያው ፈረሰ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከአዘጋጇ ጋር ዳዋ ሆቴሳ ቀድሞ ቢያገባም 4 ለ 1 ሆነ፤ ቡርኪና ፋሶ ላይ በጌታነህ ከበደ ፍፁም ቅጣት ምት 1 ለ 1 ወጣን። በአምስተኛው ወር፣ ከሞላ ጎደል በእነዚያው ልጆች፣ ስታዲየሞቻችን በካፍ ስላልተፈቀዱ ማላዊ ድረስ ሄደን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን።

ፌዴሬሽኑን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ስብስብ ይፋ ሲሆን ስምና ክለብ ብቻ አይለጠፍ። አሰልጣኙ በዚያው ቀን ይቅረቡና ለየትኛው ቦታ ማንን እንደያዙ፣ ማን ማንን እንደሚተካ፣ የቀሩት ለምን እንደቀሩ ይንገሩን፤ ካርድ ያለባቸው ተጫዋቾች ዝርዝርም አብሮ ይውጣ። ይህን ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሚቀጥለው ማጣሪያ ጀምሮ ሊደረግ ይችላል።