ስለ መሸኘትና ስለ መቀበል

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጅ አስተዳደግ፥ ስለ ጋብቻና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ልጅ ከቤት ሲወጣ እንዴት እንደሚሸኝ፥ ሲመለስም እንዴት እንደሚቀበሉት ግን እምብዛም ሲነገር አልሰማንም። ስለዚህ በራያ ቆላ በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለችው በዋጃ፥ ኋላም በአዲስ አበባ በቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ያየነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን።

ዋጃ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች ናት፤ የአይሮፕላን ማረፊያም የላትም። ስለዚህ ከዚያ አገር ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሽኝቱ የሚጀመረው ከቦሌ ሳይሆን አውቶቡስ ከሚቆምበት ከአስፋልቱ ዳር ነው። እኛም አንድ ቀን ማለዳ በዚያ ቆመን ሳለ አንዲት ልጃገረድ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገር ስትሸኝ አየን። እናቲቱ በሶውን፥ ድርቆሹን፥ ሽሮውንና በርበሬውን በየከረጢቱ ቋጥረው ነበርና፥ ‹‹ሽሮውን ለብቻሽ እንዳትበዪው፤ ያገርሽን ልጅ ካገኘሽ አካፍያት›› እያሉ ደጋግመው ይነግሯት ነበር። አባትዮው ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። የአውቶቡሱን ረዳት ወደ ጎን ጠርተው፥ ‹‹ልጄን በመስኮቱ በኩል አስቀምጥልኝ›› ብለው ለመኑት፤ ከዚያም ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። ጎረቤቱ፥ ክርስቲያኑም እስላሙም፥ እጁን ዘርግቶ መረቀ፤ ልጅቱም ጎንበስ ብላ አሜን አለች። በወሎ እንዲህ ያለው ምርቃት ሃይማኖት የሚለይ አይደለም።

ከሸኚዎቹ መካከል የነበሩ አንድ ሽማግሌ አይሮፕላን መልካም ነገር ነው ወይ ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው ከንቱ አልነበረም። በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በኋላ ሠራዊታችን ወደ ኮረም ሲያፈገፍግ፥ በዚያ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ የጠላት አይሮፕላን ቦምብና መርዝ እንዳዘነበበት አባታቸው ነግረዋቸዋል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ኮረም የረሀብተኛ መጠለያ በሆነች ጊዜ፥ ለሰሜኑ ሕዝብ እህል ጭነው ከሩቅ አገር የመጡ አይሮፕላኖች ነበሩ። ሽማግሌው ሁለቱንም ያውቃሉ። አሁን ደግሞ የጎረቤታቸውን ልጅ ሊወስድ ነው። መልካም ነው ብለን መለስንላቸው፤ እርሳቸው ግን የረኩ አልመሰለንም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን የውጭ አገር ጉዞ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን መንገደኛው በአይሮፕላኑ ውስጥ በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ በመካከሉም ዕቃ ይጫናል። የልደታው ሜዳ ለጄት አይሮፕላን ስላልበቃ፥ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ሲመጡ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ዛሬ በዚያ በር የሚወጣውንና የሚገባውን ሰው ቆሞ መቁጠር ያደክማል።

እኛ በአንዲት ሰዓት ውስጥ ብቻ አያቱ አይተውት የማያውቁት ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሲገባ አየን። ለትምህርት የሚሄድ ጐረምሳ እናቱ እንዳይስሙት ሲሽኮረመም፥ ኋላም በሩ ሊዘጋ ሲል ራሱ ተመልሶ ሲያቅፋቸው አየን። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ለሕክምና የሚሄዱ አዛውንትም ነበሩ፤ እርሳቸው ወደ ኋላቸው አልተመለከቱም። ሸኚ ከበሩ አያልፍምና፥ የቤተ ሰቡ ነገር ሁሉ በዚያች ደጃፍ ላይ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ከመንገደኛው በር ርቆ ደግሞ የጭነት በር አለ፤ በሰው አገር የሞተው ልጅ በሣጥን ሆኖ የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው። በዚያ የሚጠብቀው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይቆማል፤ ሰዓትም አይጠይቅም።

መቀበል ምን እንደሆነ በአንድ ቀን የታየበት ጊዜ ቢኖር ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ቆሞ፥ ተቋርጦ የነበረው የመቀሌ በረራ በዚያ ዕለት ሲቀጠል፥ ወላጅና ልጅ እየተላቀሱ ተያዩ፤ መሬት የሳሙም ነበሩ። ዋጃም የጦርነቱ መንገድ ነበረችና፥ በዚያ የሚኖሩ ሰዎች ስለዚህ ቀን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። ከራያ ከሚወጡት ወጣቶች ብዙዎቹ የቦሌን የመሄጃ በር ከቶ አያውቁትም። ደላላ የነገራቸውን ሰምተው በሌሊት ይነሣሉ፤ በዞብል ተራራ በኩል ወደ አፋር በረሃ ይወርዳሉ፤ ከጅቡቲም ከኦቦክ ዳርቻ በጠባብ ጀልባ ባሕሩን ተሻግረው፥ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት በታመሰችው በየመን በኩል በእግራቸው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመድረስ ይሞክራሉ። በሶ የሚቋጥርላቸው የለም፤ የሚመርቃቸውም የለም። እናት ጧት ስትነሣ መደቡን ባዶ ታገኘዋለች።

እንግዲህ እነዚህ ልጆች በዕድሜያቸው የመጀመሪያውን አይሮፕላን የሚሳፈሩት ሲመለሱ፥ ይኸውም ተይዘው ሲባረሩ ነው። ከኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቻ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል፤ በ2014 ዓ.ም.ም 100 ሺህ ያህል ለመመለስ በሁለቱ መንግሥታት መካከል ስምምነት ተደርጎ ነበር። ከአንባቢዎቻችን መካከል በሹመት ላይ ያሉት ቍጥሩን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። እኛ ልንነግራቸው የምንሻው ቍጥሩ በበሩ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ነው። ሻንጣ የለውም፤ በእጁ አንዲት የላስቲክ ከረጢት ይዟል፤ የሚጠብቀውም ሰው የለም፤ መምጣቱን ለማንም አልነገረምና።

ከእነዚህም አንዱን አነጋገርነው። ከዋጃ አቅራቢያ ነው፤ ዕድሜው ከሃያ አይዘልም። ወደ ቤቱ ስልክ ይደውል ዘንድ ስልካችንን ብንሰጠው፥ ‹‹ስሄድ አልነገርኋትም፤ ስመጣ ምን ብዬ ልንገራት?›› አለን። እኛም መልስ አጣን። ብዙ ምክር ልንሰጠው እንችል ነበር፤ ነገር ግን ምክር በዚያ ሰዓት ለተናጋሪው እንጂ ለሰሚው አይጠቅምም ብለን ተውነው፤ ሻይና ዳቦ አዘዝንለት። ከበላ በኋላ ስልኩን ራሱ ጠየቀን።

ያነሣችው ታናሽ እኅቱ ነበረች፤ እናቱ ወደ ገበያ ሄደዋል አለችው። እርሱም እንደ መደሰት ብሎ ስልኩን መለሰልን። አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ግን ስልኩ ጮኸ፤ ሰጠነውም። ‹‹እማ›› አለና ዝም አለ። በወዲያ በኩል ለቅሶ ይሰማ ነበር፤ ቀጥሎም ድምፁ ጸጥ አለ። የት ነበርህ፥ ምን ይዘህ መጣህ ብለው አልጠየቁትም። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ዋጃ እንደሚደርስ ብቻ ጠየቁት።

ልጁ አያውቅም ነበርና ወደ እኛ ተመለከተ። ነገ ሌሊት በአሥራ አንድ ሰዓት ከተነሣ፥ መንገዱ ደኅና ከሆነ፥ ወደ ማታ ይደርሳል አልነው። እርሱም ቃላችንን ሳይለውጥ ለእናቱ ነገራቸው። ከማታው በፊት ጀምረው አስፋልቱ ዳር እንደሚቆሙ መለሱለት።