የቡና ምሬትና የዘሩ ትእዛዝ

ከነቀምቴ እስከ ግምቢ፣ ከነጆ እስከ ደምቢ ዶሎ ድረስ ቡና የሚገዛና የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ የጀንፈሉን ድርቀት፣ የፍሬውን መጠንና የስኒውን ጣዕም ጠንቅቆ ያውቃል። ዳሩ ግን በፍሬው ውስጥ ያለው ካፌይን የተባለው መራራ ንጥረ ነገር ለዛፉ ምን እንደሚጠቅምና በምን ትእዛዝ እንደሚዘጋጅ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገሩ የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም የነጋዴውን ኪስ የሚነካ በመሆኑ ለክቡራን አንባብያን ልናብራራው ወደድን።

ዛፍ ከጠላቱ ሸሽቶ ሊያመልጥ አይችልም፤ ስለዚህ መከላከያውን በገዛ አካሉ ያዘጋጃል። ካፌይን ሰውን የሚያነቃቃ ይሁን እንጂ ለብዙ ነፍሳት መርዝ ነው። የቡና ዛፍም በቀላሉ ሊበሉበት የሚችሉትን ለጋ ቅጠሉንና ፍሬውን በካፌይን ያስጠብቃል። ጥበቃው ግን ፍጹም አይደለም፤ ፍሬውን ቦርቡራ የምትገባው ትንሽ ጥንዚዛ በሆዷ ውስጥ ካፌይንን የሚያፈርሱ ባክቴሪያዎች ስላሏት መርዙ አይበግራትም።

በእያንዳንዱ የዛፉ ሕዋስ ውስጥ ከወላጅ የተወረሰ፣ ጂን የሚባል ትእዛዝ አለ። ጂኑ ኢንዛይም የተባለውን ሠራተኛ ያስገኛል፤ ካፌይንም እርስ በርስ እየተቀባበሉ የሚሠሩ ኢንዛይሞች ውጤት ነው። ከመጨረሻው ደረጃ በፊት የሚገኘው ቴዎብሮሚን ይባላል፤ በካካዎ ፍሬ በብዛት ያለውም ይኸው ነው። የመጨረሻው ሠራተኛ ቴዎብሮሚኑን ወደ ካፌይን ይለውጠዋል። ጂኖቹም ሁልጊዜ እኩል አይሠሩም፤ በለጋው ቅጠል ይበረታሉ፣ በሸመገለው ይደክማሉ። የእኛ አረቢካ ቡና ከመቶ 1.2 ገደማ፣ ሮቡስታ ግን ከመቶ 2 በላይ ካፌይን መያዙ ከዚሁ ከዘር ልዩነት የመጣ ነው።

እንግዲህ ትእዛዙ ቢጎድል ምን ይሆናል? መልሱ የተገኘው ከኢትዮጵያ ዘር ነው። በ1957 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ልዑካን በአገራችን የቡና ደኖች ተዘዋውረው ዘር ሰበሰቡ፤ ዘሩም ኮስታሪካን ጨምሮ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ተላከ፤ ከዚያም ተወላጁ ብራዚል ደረሰ። የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ዘር የበቀሉ 3,000 ያህል ዛፎችን መርምረው ካፌይን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን በ1996 ዓ.ም. አስታወቁ። በእነዚህ ዛፎች ፍሬ ውስጥ ካፌይኑ ከመቶ 0.08 እንኳ አይሞላም፤ የመጨረሻው ሠራተኛ ሥራውን ስላጓደለ ቴዎብሮሚኑ ሳይለወጥ ተከማችቶ ይገኛል።

ፋብሪካዎች ካፌይንን ከቡና ለማውጣት ብዙ ወጪ የሚያወጡ እንደ መሆናቸው መጠን፣ ይህን በተፈጥሮው የሚፈጽም ዛፍ ታላቅ ሀብት ነው። ግኝቱም የዘሩ ባለቤት ማን ነው የሚል ጥያቄ በአገራችን አስነሣ። ስለ ጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምና ከጥቅሙ ስለ መካፈል የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482 በ1998 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ የሚጠብቀው በእጅ ያለውን ነው፤ ተነቅሎ የጠፋን ዛፍ አዋጅ አይመልሰውም።

ይህ ለወለጋ ነጋዴ ምን ይነግረዋል? በውጭ ገበያ «ለቀምት» በሚል ስም የሚታወቀው ቡናችን ጣዕሙን ያገኘው ከአየሩና ከአፈሩ ብቻ ሳይሆን ከዘሩም ጭምር ነው። በግምቢ አካባቢ የሚገኘው የሐሩ የቡና ምርምር ንዑስ ማዕከል ከዚሁ ከወለጋ ዘር ምርጥ ዝርያ ሲያወጣ መቆየቱም ይህን ያስረዳል። ስለዚህ አቅራቢው የየቀበሌውን ቡና ሳይደባልቅ ለይቶ ቢይዝ፣ የመጣበትንም ስፍራ በመዝገቡ ቢጽፍ፣ ለገበሬውም ችግኝ ምንጩ ከታወቀ ቦታ እንዲወስድና ነባሩን ዛፍ በሙሉ እንዳይነቅል ቢመክር ወገኑን ብቻ ሳይሆን ንግዱንም ይረዳል። በመጋዘን ያለው ጆንያ የዘንድሮ ትርፍ ነው፤ በጫካው ያለው ልዩ ልዩ ዘር ግን የልጅ ልጆቻችን ዋና ገንዘብ ነው።