ድምፅ መቁጠር የማይወደው ጉባኤ

የባንክዎን ገጽ በሳምሰንግ ስልክ ይክፈቱት፣ በአይፎን ይክፈቱት፣ ወይም ቢሮ ባለው ኮምፒውተር፤ ያው ገጽ ነው። ሠንጠረዡ አይፈርስም፤ ፊደሉም አይበተንም። ይህን እንደ ተራ ነገር ቢያዩት አልፈርድብዎትም። እንዲህ እንዲሆን ግን ሰዎች ዓመታት ሙሉ ተሰብስበዋል፤ ስለ አንዲት ቃል ሳምንታት ተከራክረዋል። ብራውዘር የሠሩት ኩባንያዎች ስማቸው በዓለም ይታወቃል። አጀንዳውን የቀረፀውን፣ ተናጋሪውን በተራው ያናገረውን፣ ቃለ ጉባኤውን የያዘውን ግን ማንም አያነሣውም። እኔ ደግሞ ከድር ፈጠራዎች ሁሉ ትልቁ የተሠራው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

የድርን ደንቦች ስለሚያወጡት ተቋማት በአጭሩ። ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1994 ኤምአይቲ ውስጥ የመሠረተው ደብሊው ስሪ ሲ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ አባል ድርጅቶች አሉት፤ ግዙፍ ኩባንያዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የመብት ተሟጋቾች ጭምር። መዋጮው እንደ ድርጅቱ መጠንና እንደ አገሩ ገቢ ይለያያል፤ ድምፁ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ሁለተኛው በ2004 አፕል፣ ሞዚላና ኦፔራ ያቋቋሙት ዋት ደብሊው ጂ ነው። የገጾች ሁሉ መሠረት የሆነው ኤችቲኤምኤል የሚጻፈው እዚህ ነው። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ አራት ወንበር ያለው መሪ ኮሚቴ አለው፦ አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ።

መሪ ኮሚቴ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከላይ ተቀምጦ ትእዛዝ የሚያወርድ አካል ነው። የዋት ደብሊው ጂ አራቱ ወንበሮች ግን የቴክኒክ ጥያቄ እምብዛም አይነኩም። ደንቡን የሚጽፈው አርታዒው ነው። አርታዒውም ቢሆን የፈለገውን አይጨምርም፤ አዲስ ነገር ለመግባት ቢያንስ ሁለት የብራውዘር ሠሪዎች «እንሠራዋለን» ማለት አለባቸው፤ የመፈተኛ ኮዱም አብሮ መጻፍ አለበት። የመሪ ኮሚቴው ሥራ አጥሩን ማጠር ነው፦ የትኛው ሥራ የማን እንደሆነ፣ አርታዒ ማን እንደሚሆን፣ ተሳታፊው የፈጠራ መብቱን አንስቶ ኋላ ገንዘብ እንዳይጠይቅ በምን ውል እንደሚታሰር፣ ከታች ያልተፈታ ጠብ ወዴት እንደሚሄድ። ይህ በቅጡ ከተሠራ ኮሚቴው ሥራ ይፈታል። ሥራ መፍታቱ የብቃቱ ምስክር ነው።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ። ስለ እነዚህ ጉባኤዎች ከሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚያናድደኝ «በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ» የሚለው ነው። ተቃራኒው «ሁሉም ካልተስማማ አይወስኑም» የሚለውም ያው ስሕተት ነው። የደብሊው ስሪ ሲ የአሠራር ሰነድ አንድ አስደናቂ አንቀጽ አለው። ጭብጡ ይህ ነው፦ ሙሉ ስምምነት ካልተገኘ፣ ብዙኃኑ የወደዱት ግን ጥቂቶች አጥብቀው የሚቃወሙት ሐሳብ ከሚመረጥ፣ ተቃውሞው ከሁሉ የላላው ሐሳብ ይመረጥ።

ደግመው ያንብቡት። ሃያ ሰዎች ካሉበት ስብሰባ ዐሥራ ሰባቱ አንደኛውን ሐሳብ ወደዱት እንበል፤ ሦስቱ ግን ምክንያታቸውን ዘርዝረው «በዚህ አንኖርም» አሉ። ሁለተኛውን ሐሳብ ማንም አላጨበጨበለትም፤ ሃያውም ግን ይኖሩበታል። ምርጫ ቦርድ ቢሆን አንደኛውን ያውጅ ነበር። ይህ ጉባኤ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል። ስለዚህ ጥሩ ሰብሳቢ «ማን ይደግፋል?» ብሎ አይጀምርም። ጥያቄው «ከዚህ ጋር መኖር የማይችል ማን ነው? ለምን?» ነው። የደጋፊን እጅ መቁጠር ስለ ብዛት ይነግረዋል፤ የተቃዋሚን ምክንያት መስማት ግን ደንቡ የት ላይ እንደሚሰበር ያሳየዋል።

ይህ የዋህነት የሚመስለው ሰው ይኖራል። ምክንያቱ ግን የጨዋነት ጉዳይ አይደለም። የድር ደንብ ፖሊስ የለውም። ደብሊው ስሪ ሲ አፕልን «ይህን ሥራ» ብሎ አያስገድድም፤ ጉግልንም አይቀጣም። ደንቡ በሥራ ላይ የሚውለው ሠሪዎቹ ከሠሩት ብቻ ነው። ተሸንፎ የወጣ ሠሪ ደግሞ አይሠራም።

ይህን ማንም ንድፈ ሐሳብ እንዳይለው የ2004ን ታሪክ ላስታውስ። በዚያ ዓመት ጁን ወር፣ በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ደብሊው ስሪ ሲ በጠራው ጉባኤ ላይ ሞዚላና ኦፔራ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ዓለም የሚጠቀምበትን ኤችቲኤምኤል እናሳድገው። ቤቱ በወቅቱ ልቡ ያለው ኤክስኤችቲኤምኤል 2 በሚባል፣ ከነባር ገጾች ጋር በማይጣጣም አዲስ ደንብ ላይ ነበር። እጅ ተቆጠረ፤ 8 ደገፉ፣ 14 ተቃወሙ። ሐሳቡ በአብላጫ ወደቀ። ሁለቱ ኩባንያዎች ከአፕል ጋር ሆነው በቀናት ውስጥ ዋት ደብሊው ጂን መሠረቱና በራሳቸው መንገድ ሄዱ። አሸናፊዎቹስ? የኤክስኤችቲኤምኤል 2 ሥራ በ2009 እንዲቆም ተወሰነ። ኤችቲኤምኤል 5 በ2014 በዚያው ደብሊው ስሪ ሲ ጸደቀ። ለዓመታት ሁለት ቤት ሁለት ጽሑፍ ሲያወጣ ከቆየ በኋላ፣ በ2019 ደብሊው ስሪ ሲ የኤችቲኤምኤልን ብዕር ለዋት ደብሊው ጂ በስምምነት ሰነድ ለቀቀ። ዐሥራ አራት እጅ ስምንቱን አሸንፎ ነበር፤ ሐሳቡን ያቀረቡት ብራውዘር ሠሪዎች ግን ከስምንቱ ወገን ነበሩ።

ተቃዋሚ ሁሉ ያሸንፋል ማለትም አይደለም። በ2017 የመጣው ፈተና ቪዲዮ ያለ ፈቃድ እንዳይቀዳ የሚያግዘው ደንብ ነበር። የጸጥታ ተመራማሪዎችና አካል ጉዳተኞችን የሚረዱ ባለሙያዎች መቆለፊያውን በመመርመራቸው እንዳይከሰሱ ዋስትና ይሰጠን አሉ። ዋስትናው አልተሰጠም፤ በርነርስ ሊ ደንቡን አጸደቀ። በቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አባላት ይግባኝ ጠየቁ፤ ያልተለመደው ድምፅ መስጠትም መጣ። 58.4 በመቶ ደገፈ፣ 30.8 በመቶ ተቃወመ፣ 10.8 በመቶ ድምፀ ተአቅቦ ሆነ። ደንቡ በወጣበት ዕለት የመብት ተሟጋቹ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን አባልነቱን ትቶ ወጣ። በእኔ ፍርድ ያ ቁጥር የድል ቁጥር አይደለም። ከሦስት አንድ ያህል ተቃዋሚ ያለበት ደንብ ሕጋዊ ነው፤ ስምምነት ግን አይባልም።

በ2022 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ያልተማከለ መለያ በሚባለው ደንብ ላይ ተቃውሞ ያስመዘገቡት ጉግል፣ አፕልና ሞዚላ ነበሩ። ከዚህ የከበደ ተቃዋሚ የለም። ተቃውሟቸው ተመርምሮ፣ ምላሹ ምክንያቱን ይዞ በጽሑፍ ወጥቶ ውድቅ ተደረገ፤ ደንቡም ጸደቀ። ልብ ይበሉ፣ የተመዘነው የተናጋሪው ክብደት ሳይሆን የነገሩ ክብደት ነበር። ከ2023 ወዲህ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚዳኘው ሸንጎ ነው። በአብዛኛው በአባላት ምርጫ የሚሞሉ ሁለት የቤቱ አካላት ይሰየሙበታል። ቀድሞ ግን የአንድ ሰው፣ የበርነርስ ሊ፣ ሥልጣን ነበር። መሥራች ለዘላለም አይኖርም፤ ቤቱ ይህን በጊዜ ማሰቡን አደንቃለሁ።

የስብሰባው ሥርዓት ራሱ ደስ ይላል። ሰዎቹ በቪዲዮ እየተነጋገሩ ጎን ለጎን አሮጌ የጽሑፍ መወያያ ይከፍታሉ። እዚያ ውስጥ ዛኪም የሚባል ሮቦት አለ፤ ስሙ ቦስተን ያለ የድልድይ ስም ነው። መናገር የፈለገ «ኪው» የምትለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ከመደመር ምልክት ጋር ይጽፋል፤ ዛኪም ወረፋ ያስይዘዋል። የኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት ይሁን ተማሪ፣ ወረፋው ወረፋ ነው። ቃለ ጉባኤውን ሁሉም እያየው በየተራ አንድ ሰው ይጽፋል፤ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ያለ እዚያው ያርማል። ውሳኔ ሲቀርብ ቃል በቃል ተጽፎ ይቀርባል፤ የተስማማ +1፣ ግድ የሌለው 0፣ ያልተስማማ −1 ይጽፋል። −1 ጽፎ ምክንያቱን የማይናገር ሰው ግን በእኔ ዓይን በስብሰባው አልተሳተፈም። ምክንያት የሌለው ተቃውሞ ሊመለስ አይችልም።

እዚህ ላይ የእኛን ሰብሳቢዎች ትንሽ ልውቀስ። በአንድ የሙያ ማኅበር ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰብሳቢያችን የተከበሩ አዛውንት ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሐሳባቸውን በሰፊው ካብራሩ በኋላ «እንግዲህ ተቃዋሚ ከሌለ ጸድቋል» ይላሉ። ዝም ይባላል፤ እኔም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ኮሪደር ላይ አንዱ ወጣት ባለሙያ ይዞኝ የውሳኔውን ጉድለት አንድ በአንድ ይዘረዝርልኛል። ለምን እዚያው አልተናገርክም ስለው «ጋሼ ካሉ በኋላ ምን ልበል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ሰብሳቢው ሐሳቡን አስቀድሞ ተናግሮ ዝምታን እንደ ስምምነት ከቆጠረ፣ ተቃውሞው አይጠፋም፤ ወደ ኮሪደር ይወጣል። ሰነዱ ይጸድቃል፣ ማንም አይጠቀምበትም። አክብሮት መልካም ነው፤ ስለዚህም ሰብሳቢ መጨረሻ ይናገር፣ ታናሹን አስቀድሞ ይጠይቅ፣ አጀንዳውንም ስብሰባው አንድ ሰዓት ሲቀረው አይላክ።

«ይህ ሁሉ የሩቅ ሰዎች ጉዳይ ነው» እንዳይሉኝ አንድ ነገር ልጨምር። የገጽ መልክ በሚደነገግበት በሲኤስኤስ የቁጥር አጻጻፍ ደንብ ውስጥ የግእዝ ቁጥር የራሱ ክፍል አለው። ቁጥሩ ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኃዝ እየሆነ ይከፈላል፤ ፻ የት እንደሚገባ፣ ፼ የት እንደሚገባ ይነገራል፤ መቶ ሲጻፍ ፩፻ ሳይሆን ፻ ብቻ እንዲሆን ተደንግጓል። በምሳሌነት የተሰጠው 78010092 ሲሆን ፸፰፻፩፼፺፪ ይሆናል። ፊደላችንም በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ይህ ሁሉ የሆነው ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች ረቂቅ አንብበው፣ ጽፈው፣ ተከራክረው ነው።

የቀረም አለ። ስለ ግእዝ ጽሕፈት አቀማመጥ፣ ስለ መስመር አሰባበር፣ ስለ ነጥቦቻችን አቀማመጥ የሚጻፉ ረቂቆች ለሕዝብ ክፍት ናቸው። አስተያየት ለመስጠት አባልነት አይጠየቅም፤ መዋጮም የለም። የደብሊው ስሪ ሲ አሠራር ደግሞ ለተሰጠ አስተያየት የሥራ ቡድኑ ምክንያቱን ገልጾ በይፋ እንዲመልስ ያዛል፤ አስተያየት ሰጪው ማንም ይሁን። አማርኛው በስልክዎ ላይ ሲበላሽ ለጓደኛዎ ማማረሩን ለጊዜው ይተዉት። ገጹን በፎቶ ያስቀሩ፣ ትክክለኛው እንዴት መሆን እንዳለበት ይጻፉ፣ ለምን እንደሆነም ይጨምሩ፤ ከዚያ ረቂቁ ወዳለበት ይላኩት። እንግሊዝኛው ቢሰባበር ግድ የለም፤ ምክንያቱ ይጥራ እንጂ። ያልተጻፈ ቅሬታን የሚመልስ ኮሚቴ በዓለም ላይ የለም።