ብልት ላይ የሚወጣ ሁሉ በሽታ አይደለም

ወንድሞቼ፣ የምሠራው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው። አንድ ወጣት ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ይዞ ከቆመ፣ ጉዳዩን አብዛኛውን ጊዜ እገምታለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሚቀባ ነገር አለ?» ይለኛል።

ብዙዎቹን የሚያስጨንቃቸው በብልት ራስ ጠርዝ ዙሪያ በአንድ ወይም በሁለት ረድፍ የሚደረደሩ፣ ነጣ ያሉ ወይም የቆዳ መልክ ያላቸው ጥቃቅን ጉብታዎች ናቸው። ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢሆኑ ነው። አያሙም፣ አያሳክኩም፣ አይደሙም። በጉርምስና ወይም በ20ዎቹ ዕድሜ ብቅ ይላሉ፤ ዕድሜ ሲገፋ ይደበዝዛሉ። ሴት ነክቶ የማያውቅም ያወጣቸዋል፤ ወደ ማንም አይተላለፉም። በ8ኛው ቀን የተገረዘም አይቀርለትም፣ ባልተገረዙት ላይ በዛ ቢሉም። ቆዳው ሲወጠር በዘንጉና በቆለጥ ከረጢት ላይ የሚታዩት ቢጫማ ነጠብጣቦች ደግሞ የቅባት ዕጢዎች ናቸው። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም ጆን ፎርዳይስ በ1896 እ.ኤ.አ. ስለጻፈባቸው በስሙ ይጠራሉ፤ ከንፈር ላይም ይወጣሉ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ለማጥፋት ሲባል የሚደረገው ነው። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ለጥፎ ያደረ ልጅ መጥቶ ነበር፤ ጉብታዎቹ እንዳሉ ናቸው፣ ዙሪያው ግን ተልጦ ቀልቷል። ቤታሜታሶን የሚባለውን ቅባት ለሳምንታት የሚቀባም አለ፤ የዚያ ስስ ቦታ ቆዳ ይበልጥ ይሳሳል። አንቲባዮቲክም ምንም አይሠራላቸውም። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥተህ ብትጠመቅ እሰየው፤ ግን «ኃጢአቴ ነው የወጣብኝ» ብለህ ራስህን አትኮንን። ይህ ተፈጥሮህ ነው።

የሚያሳስቡም አሉ። ሸካራ ሆኖ እየበዛና እየተያያዘ የሚያድግ ኪንታሮት፣ ውሃ ቋጥሮ የሚያቃጥል፣ ፈሳሽ ያለው። ሕመም የሌለው ቁስል ቂጥኝ ሊሆን ስለሚችል «አያመኝም» ብለህ አትተወው። ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ካለህና ጣቶችህ መሀልም ከወጣ እከክን ጠርጥር፤ በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል ወረርሽኝ ሆኖ ነበር፤ እሱ መድኃኒት አለው።

እኔ በመስኮት ሆኜ መለየት አልችልም፤ በዓይን መታየት አለበት። ቅርብህ ያለ ጤና ጣቢያ ይበቃል። የቆዳ ሐኪም ካስፈለገ ወደ አለርት ሆስፒታል ሊልኩህ ይችላሉ። ካርድ ክፍል «ቆዳዬን ነው» ካልክ ይበቃል፤ ውስጥ ስትገባ ወንድ ባለሙያ እንዲያይህ ጠይቅ።